«የቡኻራ ምንጣፍ» ያልነውን ማን ሠራው?



ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሙስሊሞች ሥልጣኔ ያዘጋጀነውን ኤግዚቢሽን ያያችሁ፣ ከአል-ኸዋሪዝሚና ከኢብኑ ሲና ፖስተሮች ቀጥሎ የተለጠፈውን የቀይ ምንጣፍ ፎቶ ታስታውሱት ይሆናል። በጠቆረ ቀይ መደብ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ቅርጾች በረድፍ በረድፍ የተደረደሩበት ነው። ከሥሩ «የቡኻራ ምንጣፍ፤ የቡኻራ ሙስሊሞች ጥበብ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ጽሑፉ ስህተት ስለነበረ ነው።

ስህተቱን ያወጣችው የጨርቃጨርቅ ምህንድስና የምታጠና አንዲት እህት ናት። ፎቶውን ጠጋ ብላ ካየች በኋላ «ማን ነው የሠራው?» አለችኝ። «የቡኻራ ሰዎች» አልኳት። «እሱንማ አነበብኩት። ወንድ ነው ሴት? በምን ዓይነት ዕቃ? ደግሞስ ከማን ሰምተህ ጻፍከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከአንድ የምንጣፍ ማስታወቂያ ላይ ነበር የወሰድኩት። «ቡኻራ» የሚለውን ቃል ሳይ ኢማሙል ቡኻሪ ትዝ አሉኝ፣ ልቤ ሞቀ፣ ሳልጠይቅ ለጠፍኩት።

በመድረሳ ያደግን ሰዎች ይህ ሊያሳፍረን ይገባል። ሐዲስ ስንቀራ አንድ ነገር ከተናገርን ኡስታዛችን መጀመሪያ የሚጠይቁን «ሰነዱስ?» ብለው ነበር። ማን ከማን ሰማው? ያኛውስ ከማን? የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ከጎደለ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር አይቀበሉንም። እኔ ግን ከመድረሳ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይህን ጥያቄ በር ላይ ትቼው የገባሁ ይመስላል። ስለዚህ ከእህታችን ጥያቄ በኋላ የፈተና ዕረፍቱን ስለዚህ ምንጣፍ ሳነብ አሳለፍኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ምንጣፉ የቡኻራ አይደለም። ቡኻራ ገበያው ናት። የሠሩት ቱርክመኖች ናቸው፤ ዛሬ በቱርክመኒስታን፣ በሰሜን አፍጋኒስታን፣ በሰሜን ምሥራቅ ኢራንና በኡዝቤኪስታን የሚኖሩ፣ በዘመኑ ብዙዎቹ በግና ግመል እያረቡ በበረሃው ዙሪያ ይዘዋወሩ የነበሩ ሙስሊም ሕዝቦች። ቴኬ፣ ዮሙት፣ ሳሪክ፣ ሳሎር፣ ኤርሳሪ፣ ቾውዱር በሚባሉ ጎሳዎች የተከፋፈሉ ናቸው። ሥራቸው በቡኻራ ነጋዴዎች እጅ አልፎ ወደ ውጭ ስለሚወጣ የገዢው ዓለም በገበያው ስም ጠራው። ኋላም፣ ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ፣ የፓኪስታን አምራቾች ንድፉን እየቀዱ በዚያው በቡኻራ ስም ለዓለም ሸጡት። ቀጥሎ ማሽን መጣ። ስሙም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እኔ ፖስተር ላይ ደረሰ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ «ቱርክመን» የሚለው ቃል ጠፋ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሠሪዎቹ ሴቶች መሆናቸው ነው። በጉን ወንዶች ይጠብቃሉ፤ ሱፉን አጥቦና አበጥሮ በእንዝርት መፍተል፣ ማቅለም፣ ድሩን መዘርጋትና መሥራት የሴቶች ድርሻ ነበር። የሽመና ዕቃው መሬት ላይ የሚዘረጋ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ምሰሶዎች በካስማ መሬት ላይ ይወጠራሉ። ጊዜው ደርሶ ሰፈር ሲነሳ ካስማው ይነቀላል፣ ያልተጨረሰው ሥራ ከነድሩ ይጠቀለላል፣ በግመል ተጭኖ ይሄዳል፣ አዲሱ ሰፈር ላይ እንደገና ይዘረጋል። እኛ ኮርስ ላይ «ተነቃይና ተገጣጣሚ ዲዛይን» ብለን የምንማረውን እነሱ ይኖሩበት ነበር።

ደግሞም የሚሠሩት ወለል ላይ የሚነጠፍ ብቻ አልነበረም። ድንኳኑ ራሱ በሽመና የተሞላ ቤት ነው። በር ላይ የሚንጠለጠለው ኤንሲ ይባላል። ልብስና እህል የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ከረጢቶች ቹቫል ይባላሉ፤ ቁም ሣጥን ማለት ናቸው። ዮሙቶች ሙሽራ ስትሄድ በግመሏ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ባለ አምስት ጎን ጥንድ ሽመና ነበራቸው፤ አስማሊክ ይሉታል። ለሶላት የሚሆን መስገጃም ይሠሩ ነበር። ዛሬ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ብዙው «ጥንታዊ የቱርክመን ምንጣፍ» ይህን የመሰለ የቤት ዕቃ ነበር።

አሁን የምህንድስና ተማሪነቴ ይናገር። የዚህ ምንጣፍ ገጽታ የተሠራው በቋጠሮ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ በሁለት የድር ክሮች ላይ በእጅ የተቋጠረች አጭር የሱፍ ክር ናት። ከአንድ ረድፍ ቋጠሮ በኋላ ማግ ያልፋል፤ ከዚያ ማበጠሪያ በሚመስል ከባድ መሣሪያ ተመትቶ ይጠብቃል። በጥሩ የቴኬ ምንጣፍ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር በሆነች ቦታ ውስጥ 2,000 ወይም ከዚያ በላይ ቋጠሮ ይገኛል። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ምንጣፍ እንዲህ ያሉ 600 ቦታዎች አሉት፤ በጠቅላላው 1,200,000 ቋጠሮ ማለት ነው። አንዲት ሴት በቀን 8,000 ትቋጥራለች ብንል 150 ቀን ይፈጅባታል። በቀን ስምንት ሰዓት ብትቀመጥ አራት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ አንድ ቋጠሮ መሆኑ ነው። ይህ ሱፍ ማዘጋጀቱን፣ ምግብ ማብሰሉንና ልጅ ማሳደጉን ሳንቆጥር ነው።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ደግሞ ከወረቀት ላይ እያየች አይደለም። ንድፉ በእናቷ እጅ ላይ አይታ የተማረችው፣ በራሷ ውስጥ የያዘችው ነው። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቅርጽ ጎል ይባላል። አንድ ጎል በየስንት ቋጠሮ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰፋና የት እንደሚጠብ፣ በዋናዎቹ መካከል የሚገቡት ትንንሾቹ የት እንደሚያርፉ ካልቆጠረች ረድፉ ይዛነፋል። ከሺህ ቋጠሮ በኋላ የተገኘ ስህተት ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። እኔ ይህን ሒሳብ በኮምፒውተር ለመሥራት ሞክሬ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ቀለሙም ዕውቀት ነው። ያ ጥልቅ ቀይ የሚወጣው ሥሩ ቀይ ከሆነ አንድ ተክል ነው፤ ሥሩ ደርቆ ይፈጫል፣ ሱፉ ቀለሙን እንዲይዝ አስቀድሞ አሉም በሚባል ማዕድን ይነከራል። ሰማያዊው ከኢንዲጎ ነው። በሥሩ ውስጥ ያለውን ቀይ ንጥረ ነገር አሊዛሪን ይሉታል። ጀርመናውያን ኬሚስቶች ግሬበና ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ1868 በላቦራቶሪ ሠሩት፤ ስማቸው በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ አለ። መኖር ይገባዋልም፤ ደክመው አግኝተውታል። ያንኑ ቀይ ከሥር አውጥተው በልክ እየቀመሙ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ሳይደበዝዝ የሚቆይ አድርገው ሱፍ ላይ ያሳደሩት ሴቶች ስም ግን የትም የለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የፋብሪካ ቀለሞች ወደ መካከለኛው እስያ ገበያ ሲገቡ ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹ በፀሐይ ይነጡ፣ በውኃ ይለቁ ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች የምንጣፍን ዕድሜ ከሚገምቱባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው።

ከሁሉም የነካኝ ይህ ነው፦ ባለሙያ ምንጣፍ ሲያይ በፊቱ ውበት አይታለልም፤ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ቋጠሮው በሁለቱም ድር ላይ እኩል የተጠመጠመ ነው ወይስ በአንዱ ላይ ብቻ? ድሩ ከምንድን ነው? ማጉ ስንት ጊዜ አልፏል? ሳሪኮች በአብዛኛው እኩል የሚጠመጠመውን፣ ቴኬዎች ሌላኛውን ቋጠሮ ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ጀርባው የሠሪዋን ወገን ይናገራል። ጎሉም እንዲሁ ነው፤ በሶቪየት ዘመን በየሰፈሩ እየዞረች ያጠናችው ቫለንቲና ሞሽኮቫ ጎል የጎሳ መለያ ምልክት እንደነበር ጽፋለች። የዛሬው የቱርክመኒስታን ባንዲራ ላይም አምስት ጎሎች በቀይ መደብ ላይ ቁልቁል ተደርድረው ይታያሉ። ይህን ሳነብ የኡስታዛችን ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። የምንጣፉ ሰነድ ጀርባው ላይ ነው ያለው፤ ልጅ ከእናት፣ እናት ከአያት። ሰንሰለቱን የማያይ ፊቱን ብቻ አይቶ «ቡኻራ» ብሎ ያልፋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ኤግዚቢሽኑ ላይ አንድ ወንድም «ስምንቱ ማዕዘን ስምንቱን የጀነት በሮች ያመለክታል» ሲል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ይህን የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። ጎል ምን ትርጉም እንዳለው ብዙ ይባላል፤ ብዙው የሻጭ ወሬ ነው፣ ታሪክ ያለው ዕቃ ዋጋው ከፍ ይላልና። ደስ የሚል ወሬ ስለሆነ ብቻ በማናውቃቸው ሴቶች አፍ ማስገባት ስማቸውን ከመውሰድ ቀጥሎ ሐሳባቸውንም መውሰድ ነው። ከዛሬዋ ቱርክመኒስታን ምድር፣ ከመርው ከተማ የተነሱት ታላቁ ዓሊም ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ ኢስናድ የዲን ክፍል መሆኑን አጥብቀው ያስተማሩ ሰው ናቸው። በርሳቸው ዘመን ቱርክመኖች ገና ወደዚያ አልመጡም ነበር፤ ቢሆንም ትምህርታቸው በምድሪቱ ላይ ለሚወራው ሁሉ ይሠራል።

ስሙ እንዴት ጠፋ? በሰፈሩ ውስጥ ስም መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ይህን ቹቫል የእገሌ ልጅ ለጋብቻዋ እንደሠራችው ሁሉም ያውቃል። ስም የሚያስፈልገው ዕቃው ከሚያውቁት ሰዎች እጅ ሲወጣ ነው፤ የወጣው ደግሞ አብዛኛው በክፉ ቀን ነው። የሩሲያ ጦር በጄኔራል ስኮበሌቭ አዛዥነት እ.ኤ.አ. በጥር 1881 የቴኬዎችን ምሽግ ጎክ ቴፔን ከሦስት ሳምንት ከበባ በኋላ ከግድግዳው ሥር ፈንጂ ቀብሮ አፈረሰው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ሲሸሹ የተገደሉ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር። ለዚሁ ዘመቻ ከካስፒያን ባሕር ዳርቻ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1888 ሳማርካንድ ደረሰ። ሐዲዱ የፋብሪካ ቀለም ይዞ ገባ፣ ምንጣፍ ይዞ ወጣ። ለቤትና ለልጅ ይሠራ የነበረው ለማይታወቅ ገዢ መሠራት ጀመረ። የተቸገረ ቤተሰብ የእናቱን ቹቫል ሸጠ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች እነዚህ ዕቃዎች ላይ የምናነበው «ቴኬ፣ 19ኛው መቶ ዘመን» የሚል ነው። የሴትየዋ ስም የለም።

ከኢራን የመጣውንና ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘውን ታዋቂውን የአርደቢል ምንጣፍ ብናወዳድር ልዩነቱ ይታየናል። እሱ ላይ የመቅሱድ ካሻኒ ስምና 946 ዓመተ ሂጅራ የሚል ተሸምኖበታል። መቅሱድ ሥራውን ያሠራው ሰው እንጂ እያንዳንዱን ቋጠሮ የቋጠረው እንዳልሆነ ይገመታል። እዚያም ቢሆን የቋጣሪዎቹ እጅ ስም የለውም።

ይህን ስጽፍ ቱርክመኖችን መላእክት ለማድረግ አይደለም። በዚያው ዘመን ከነሱ ብዙዎች በኢራን መንደሮች ላይ ወረራ እያካሄዱ ሰው ማርከው በኺቫና በቡኻራ ገበያ ባሪያ አድርገው ይሸጡ ነበር፤ የተሸጡትም ሙስሊሞች ነበሩ። ሽመናውም በዘፈን ብቻ የሚሠራ አልነበረም፤ ሴቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውንና ወገባቸውን የከፈሉበት ነው። የራሳችንን ወገን ታሪክ ስንናገር ያማረውን መርጠን መንገርም ሰንሰለት መቁረጥ ነው።

ጓደኛዬ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብቦ እንዲህ አለኝ፦ «ንድፍ የማንም አይደለም። ማሽኑ ባይቀዳው ኖሮ እኔና አንተ በርካሽ ዋጋ መስገጃ ከየት እናገኝ ነበር? ሴትዮዋም ከሞተች መቶ ዓመት አለፋት፤ ስሟ ቢነሳ ምን ይጠቅማታል?» በመጀመሪያው እስማማለሁ። መቅዳትን አልቃወምም፤ ማሽንንም አልጠላም፣ ትምህርቴ ነው። የምቃወመው ቀድቶ መካድን ነው። ለሁለተኛው ደግሞ መልሴ ይህ ነው፦ ስሟን መጠየቁ የሚጠቅመው እኛን ነው። ሠሪውን የማይጠይቅ ሰው አጠገቡ ያለውንም ሠሪ አያይም።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ባለፈው ዓመት ቡድናችን አንዲት ትንሽ የውኃ ፓምፕ ሠርቶ ነበር። ስሌቱ የኛ ነው። ዘንጉ ግን እየተንቀጠቀጠ አልሠራ ሲለን ያስተካከሉልን የወርክሾፑ ሰው ነበሩ። ዲግሪ የላቸውም። እጃቸውን ዘንጉ ላይ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እዚህ ጋ ነው» አሉና ሁለት ቀን ያስጨነቀንን በግማሽ ሰዓት ጨረሱት። በሪፖርታችን የምስጋና ገጽ ላይ አማካሪያችንን፣ ትምህርት ክፍሉን፣ ቤተሰቦቻችንን ጻፍን። እሳቸውን አልጻፍንም። የረሳናቸው እንኳ አይመስለኝም፤ በሪፖርት ላይ የሚጻፍ ስም ሆኖ አልታየንም። ስለ ምንጣፉ ሳነብ ያን ገጽ አስታወስኩ። ቡኻራን የፈጠረው ነጋዴ ከኔ የተለየ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ለጀማዓችን ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ከዚህ በኋላ በምናዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሁለት ጥያቄ ይመለስ፦ ማን ሠራው? ከየት አወቅነው? ካላወቅን አንለጥፍ። የሙስሊሞችን ሥልጣኔ ስናነሳ ደግሞ መጽሐፍ የጻፉትን ብቻ አንቁጠር፤ ጽሑፍ ሳይኖራቸው በእጃቸው ያቆዩትን ሴቶችም እናካትት። በቱርክመኒስታን ይህ ሽመና እስከ ዛሬ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከ1979 በኋላ በጦርነት ከአፍጋኒስታን የተሰደዱ ቱርክመኖችም በፓኪስታን ስደት ውስጥ ሲሸምኑ ኖረዋል። ሰንሰለቱ አልተቆረጠም፤ የኛ ጽሑፍ ነው የቆረጠው።

ሁለተኛ፣ በዚህ ዓመት ፕሮጀክት የምንሠራ ሁላችን የምስጋናውን ገጽ መጨረሻ ላይ በችኮላ አንሙላው። በእጃቸው የረዱንን እናስብ፤ ብየዳ የበየዱልንን፣ ናሙና ያዘጋጁልንን፣ ላቦራቶሪውን የሚከፍቱልንን። ስማቸውን ካላወቅን ሄደን እንጠይቅ። እኔ ባለፈው ሳምንት ወርክሾፕ ሄጄ የአባታቸውን ስም ጨምሬ ጠየቅኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጋሼ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው ሳቁና «አሁን ፓምፑ ይሠራል ወይ?» አሉኝ።

ፖስተሩን አውርጄዋለሁ። በሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ኢንሻአላህ በአዲስ ጽሑፍ ይመለሳል፦ «በቱርክመን ሴቶች እጅ የተቋጠረ የሱፍ ምንጣፍ። ቡኻራ የተሸጠበት ገበያ ስም ነው። የሠሪዋ ስም አልተመዘገበም።»

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።